ደሙ ሲቀጥን አንጎል ምን ያደርጋል?

ልጃቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘላት ቤተሰብ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ሥራው ደም መሙላት ነው። ቀይ ሥር ይቀቀላል፣ ምስር ይሠራል፣ አቅም የፈቀደለት ጉበት ይገዛል፣ የአይረን ኪኒኑም በሰዓቱ ይዋጣል። ደሟ ካልሞላ ቀጠሮው ሊገፋ ይችላል ተብሏልና። ከዚያ የስምምነት ወረቀቱ የሚፈረምበት ቀን ይመጣል። ሐኪሙ የሚደረገውን ሁሉ ሲያስረዳ ቆይቶ፣ ልቧን ተክቶ ደም የሚገፋ ማሽን ላይ በምትሆንበት ሰዓት ደሟ እንደሚቀጥን፣ ያም ሆን ተብሎ የሚደረግ መሆኑን ይናገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይደነግጣል። “ያን ሁሉ ያበላናት ውሃ ሊቀላቅሉበት ነው?” የሚለው ጥያቄ ምላስ ጫፍ ላይ ይደርስና፣ ሐኪሙን ማስቸገር ይመስላል ተብሎ ይዋጣል። በእኔ እምነት ግን ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የልብ ቀዶ ሐኪሞች፣ ሰመመን ሰጪዎችና ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ባለሙያዎች ላለፉት 60 ዓመታት ሲመረምሩት የኖሩት ይህንኑ ነው፤ ደም ምን ያህል ቢቀጥን አንጎል ይችለዋል?

ይህ “ደም ማቅጠኛ” ከሚባለው ኪኒን ጋር አንድ ነው?

አይደለም። መጀመሪያ ይሄ ቢጠራ ይሻላል፤ ምክንያቱም የልብ ሕሙማን በሚሰባሰቡበት ሁሉ የሚሰማው ቃል ነው። ዋርፋሪንና አስፕሪን በተለምዶ “ደም ማቅጠኛ” ይባላሉ እንጂ ደምን አያቀጥኑም። የሚያደርጉት ደም ቶሎ እንዳይረጋ ማድረግ ነው። ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ደሟ ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋስ ብዛት በኪኒኑ ምክንያት አይቀንስም፤ የሚለወጠው ስትቆረጥ ደሟ እስኪቆም የሚፈጀው ጊዜ ነው።

እዚህ የምንነጋገርበት መቅጠን ግን ቃል በቃል መቅጠን ነው፤ ወጥ ላይ ውሃ ሲጨመር እንደሚቀጥነው። ደም ሁለት ነገር ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ፕላዝማ የሚባለው ቢጫማ ፈሳሽ ነው። ሁለተኛው በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉት ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ከነዚህ እጅግ የሚበዙት ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ ሕዋሳት ናቸው። ከ100 እጅ ደም ውስጥ ስንቱ እጅ ቀይ ሕዋስ እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር ሄማቶክሪት ይባላል። በጤነኛ ሴት ከ36 እስከ 44፣ በጤነኛ ወንድ ከ41 እስከ 50 አካባቢ ነው። ከዚህ በኋላ ደሙ ቀጠነ ስንል ሄማቶክሪቱ ወረደ ማለታችን ነው።

ታዲያ ለምን ይቀጥናል?

ከማሽኑ የተነሣ ነው። የልብን ውስጥ ከፍቶ ቫልቭ ለመጠገን ወይም ቀዳዳ ለመድፈን ልብ መቆም አለበት፤ ልብ ከቆመ ደግሞ ሌላ ነገር ደሙን መግፋት አለበት። ይህን የሚሠራው የልብና ሳንባ ማሽን ነው። ከልብ አጠገብ ካሉት ትልልቅ ደም መላሽ ሥሮች ደሙን በላስቲክ ቱቦ ይቀበላል፣ ኦክስጅን ያቀብለዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያወጣለታል፣ ከዚያ በፓምፕ ገፍቶ ወደ ዋናው ደም ወሳጅ ሥር ይመልሰዋል። በዚህ ማሽን ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካ ቀዶ ሕክምና የተደረገው እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1953 በፊላደልፊያ ነው። ጆን ጊበን የተባለው ሐኪም በ18 ዓመት ወጣት ልብ ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ ደፈነ። ማሽኑን ለመሥራት ከባለቤቱ ጋር ወደ 20 ዓመት ገደማ ደክሞበታል።

ችግሩ የማሽኑ ቱቦዎች ባዶ ሆነው ሥራ መጀመር አለመቻላቸው ነው። ባዶ ቱቦ ማለት አየር ያለበት ቱቦ ነው፤ አየር ወደ አንጎል ከገባ ደግሞ የደም ሥር ይዘጋል። ስለዚህ ማሽኑ ከታማሚው ጋር ከመገናኘቱ በፊት በፈሳሽ ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሞላው በሰው ደም ነበር። ለአንድ ቀዶ ሕክምና ብዙ ሰው ደም መስጠት ነበረበት፤ ከደሙ ጋር የጉበት ቫይረስና ሌላም ጣጣ ይመጣ ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን አንዳንድ ሐኪሞች ማሽኑን በደም ፋንታ በንጹሕ ፈሳሽ ሞልተው መሥራት ጀመሩ። ከነሱ አንዱ የሂዩስተኑ ዴንተን ኩሊ ነው። የይሖዋ ምስክሮች በእምነታቸው ምክንያት ደም አይወስዱም፤ ኩሊ እነሱን ያለ ደም ቀዶ ያክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 እሱና ባልደረባው 542 እንደዚህ ያሉ ቀዶ ሕክምናዎችን የሚመለከት ዘገባ አሳተሙ። ደም የማይወስድ ሰው በቀጠነ ደም ከቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ በሕይወት መውረድ እንደሚችል ታየ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የአዋቂ ሰው ማሽን የሚሞላው በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ሊትር በሚሆን ጨዋማ ፈሳሽ ነው፤ እኛ በደፈናው “ግሉኮስ” እያልን ከምንጠራው የመስቀያ ፈሳሽ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ምን ያህል ይቀጥናል?

ይህን ማንም ሰው በወረቀት ሊያሰላው ይችላል፤ ደግሞም ማስላቱ ብዙ ነገር ይገልጣል። 75 ኪሎ የሚመዝን ወንድ 5,250 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አለው እንበል፤ ሄማቶክሪቱ 45 ነው። በደሙ ውስጥ ያለው ቀይ ሕዋስ 2,360 ሚሊ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው 1,400 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሲቀላቀልበት ጠቅላላው 6,650 ይሆናል። ሄማቶክሪቱ ወደ 35 ይወርዳል። ይህ ብዙም አያሳስብም።

አሁን 40 ኪሎ የምትመዝን ወጣት እንውሰድ። ደሟ 2,600 ሚሊ ሊትር ቢሆንና ሄማቶክሪቷ 36 ቢሆን፣ ቀይ ሕዋሷ 936 ሚሊ ሊትር ነው። ያው 1,400 ሚሊ ሊትር ሲጨመር ጠቅላላው 4,000 ሞላ፤ ሄማቶክሪቷ 23 ሆነ። ይህችው ልጅ ደም ማነስ ኖሮባት በ28 ብትጀምርስ? ማሽኑ እንደጀመረ ወደ 18 ትወርዳለች። ማሽኑ ያው ነው፣ ፈሳሹም ያው ነው፤ የተለያየው ሰውየውና ልጅቷ ይዘውት የመጡት ደም ነው።

ቀይ ሥሩና አይረኑ ከንቱ ድካም ያልሆነውም ለዚህ ነው። ደሙ የሚቀጥን በመሆኑ ከፍ ብሎ መጀመር ያስፈልጋል።

ጨቅላ ሕፃን ላይ ስሌቱ ይብስበታል። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ያለው ደም 250 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ አንድ የማኪያቶ ብርጭቆ ከሚይዘው ብዙም አይበልጥም። የማሽኑ ፈሳሽ ከሕፃኑ ደም ጋር ሊስተካከል፣ ሊበልጥም ይችላል። ስለዚህ በሕፃናት ማሽን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የተለገሰ ደም ይጨመራል።

አንጎል ላይ ማተኮር ለምን አስፈለገ?

አንጎል ትንሽ ሆኖ ብዙ የሚበላ አካል ስለሆነ ነው። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ጎተራ ደግሞ የለውም። ጡንቻ ያለ በቂ ኦክስጅን ለተወሰነ ጊዜ መቆየት ይችላል፤ አንጎል ግን ደም ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥበት በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥም ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ።

ቁጥሩን በቅርብ እንየው። የአዋቂ ሰው አንጎል በየደቂቃው 700 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያልፍበታል። ጤነኛ ደም በየ100 ሚሊ ሊትሩ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሸከማል። ስለዚህ በደቂቃ 140 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን አንጎል ደጃፍ ይደርሳል ማለት ነው። አንጎል የሚወስደው ከዚህ ሲሶውን፣ 48 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የተረፈው ይመለሳል። ይህ ትርፍ መጠባበቂያው ነው።

ደሙ በግማሽ ቢቀጥንና ሌላ ምንም ባይለወጥ፣ የሚደርሰው 140 ወደ 70 ይወርዳል። 48ቱን ከወሰደ በኋላ የሚተርፈው 22 ብቻ ነው። አንጎል ግን እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም።

እና ምን ያደርጋል?

ብዙ ደም ወደ ራሱ ይስባል። ነገሩ የሚገባኝ በተሸካሚዎች ነው። ከገበያ ወደ መጋዘን እህል የሚያመላልሱ 40 ተሸካሚዎች ነበሩ እንበል፤ እያንዳንዱ የሚችለው አንድ ኩንታል ነው። ዛሬ 25 ብቻ መጡ። አንዱ ተሸካሚ ሁለት ኩንታል ሊሸከም አይችልም። መጋዘኑ እንዳይጎድል ያለው መንገድ ምልልሱን ማብዛት ብቻ ነው። ቀይ ሕዋስም እንደዚያው ነው፤ ቀድሞም ሙሉ ሸክሙን ነው የያዘው። ቁጥሩ ሲያንስ ምልልሱ መብዛት፣ ማለትም የደም ፍሰቱ መጨመር አለበት።

ፍሰቱ የሚጨምረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከፈሳሹ ጠባይ የሚመጣ ነው። ወፍራም አጥሚትና ቀጭን አጥሚት በአንድ ዓይነት ማንቆርቆሪያ ብናንቆረቁር ቀጭኑ ቶሎ ይወርዳል። ደምም ቀይ ሕዋሱ ሲያንስ እርስ በርስ መፋተጉ ይቀንሳል፤ ሄማቶክሪት ከ45 ወደ 25 ሲወርድ የደም ውፍረት ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ በዚያው ግፊት በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ይህ አንጎል ላይ ብቻ ሳይሆን በመላው ሰውነት ይሆናል።

ሁለተኛው የአንጎል የራሱ ምላሽ ነው። የአንጎል ደም ሥሮች የሚደርሳቸው ኦክስጅን ማነሱን ሲያውቁ ግድግዳቸው ይላላል፣ ይሰፋሉ። ለዚህ መልእክት ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሲሆን ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። መስፋቱ በዓይን ቢታይ ኢምንት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ ሕግ እንዲህ ነው፤ የቱቦው ስፋት በ10 በመቶ ቢጨምር የሚያልፈው ፈሳሽ በ46 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። የመጀመሪያው ሐሳብ “ደሙ ስለቀጠነ ቶሎ ፈሰሰ፣ አለቀ” የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የእንግሊዝ ሐኪሞች ነገሩን በብልሃት ለዩት። አንዳንድ ሕሙማን ደማቸው የሚወፍረው በቀይ ሕዋስ ብዛት ሳይሆን በፕላዝማቸው ውስጥ ባለ የፕሮቲን ብዛት ነው። ደማቸው ወፍራም ነው፤ የሚሸከመው ኦክስጅን ግን ትንሽ ነው። ውፍረት ወሳኝ ቢሆን ኖሮ የአንጎል ፍሰታቸው ዝቅ ማለት ነበረበት። ሲለካ ግን ፍሰቱ የሄደው ከኦክስጅኑ መጠን ጋር ነበር። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። አንጎል በእንቅልፍም፣ በሰመመንም ሆኖ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቆጥራል።

ወደ ስሌታችን እንመለስ። ደሙ በግማሽ ቀጥኖ ፍሰቱ ከ700 ወደ 1,050 ቢያድግ፣ የሚደርሰው ኦክስጅን 70 መሆኑ ቀርቶ 105 ይሆናል። እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ግን ይበቃል። የቀረውን ደግሞ አንጎል ከእያንዳንዱ ጭነት የሚያወርደውን ድርሻ ከፍ በማድረግ ይሞላዋል።

ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ 99 ካለ ምን ያሳስባል?

ከኮቪድ ወዲህ “ኦክስጅኗ ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ገብቷል። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው መሣሪያ 99 ካለ ሁሉም እፎይ ይላል። መሣሪያው የሚነግረን ግን ያሉት ተሸካሚዎች ሸክማቸው ሙሉ መሆኑን ነው፤ ተሸካሚዎቹ ስንት እንደሆኑ አይቆጥርም። 40 ቢሆኑም 15 ቢሆኑም ሁሉም ኩንታላቸውን ከያዙ 99 ይላል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ቁጥር፣ ሄማቶክሪት ወይም ሄሞግሎቢን (በቀይ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅኑን የሚይዘው ነገር መጠን)፣ በየጊዜው እየተቀዳ የሚመረመረው ለዚህ ነው።

ቅዝቃዜስ ምን አገባው?

በብዙ የልብ ቀዶ ሕክምና ማሽኑ ደሙን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አንጎል ጥቂት ይበቃዋል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲወርድ ፍላጎቱ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፣ 28 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ፍላጎቱ ሲቀንስ የደም ፍሰቱም አብሮ ይወርዳል። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይገጥማሉ፤ መቅጠኑ ፍሰቱን ወደ ላይ፣ ቅዝቃዜው ወደ ታች ይስበዋል። በተጨማሪም ቀዝቃዛ ደም ይወፍራል፤ ብርድ ላይ ያደረ ማር አስቡ። ደሙን አስቀድሞ ማቅጠን ይህን ውፍረት ያካክሳል። መቅጠን ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው።

ጥንቃቄ የሚበዛበት ሰዓት ቀዶው አልቆ ታማሚው መልሶ ሲሞቅ ነው። የአንጎል ፍላጎት በፍጥነት ይነሣል፤ ደሙ ግን ገና ቀጭን ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ማሞቅ፣ ከማሽኑ የሚወጣውንም ደም ከ37 ዲግሪ አለማሳለፍ የተለመደ ደንብ ሆኗል።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም የአንጎልን ደም ሥሮች በጣም ያዛል። በደም ውስጥ ሲበዛ ይሰፋሉ፣ ሲያንስ ይጠባሉ። በማሽን ላይ ይህን መጠን የሚወስነው የታማሚው ትንፋሽ ስላልሆነ ማሽኑን የያዘው ሰው በዓይነ ቁራኛ ይከታተለዋል።

ይህ የአንጎል ምላሽ መጨረሻ የለውም?

አለው። ዋናው ነገርም እዚህ ጋር ነው። ሰው ከበላ በኋላ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ያላላል፤ አሁንም ከጠበበው ሌላ ቀዳዳ ያላላል። የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ግን የሚላላ ነገር የለም። የአንጎል ደም ሥርም ለቀጠነ ደም ብሎ ሲሰፋ የሚጠቀመው ያንኑ መጠባበቂያ ነው። ሄማቶክሪት 30 አካባቢ እያለ ሥራው ቀላል ነው። ወደ 20 ሲጠጋ መጠባበቂያው እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ በታች ፍሰቱ ቢጨምርም የቀይ ሕዋሱን መጉደል መሸፈን ያቅተዋል።

አደጋው የሚብሰው ሁለተኛ ችግር ሲደረብበት ነው። ጤነኛ አንጎል የደም ግፊት ቢወርድበት ሥሮቹን አስፍቶ ፍሰቱን ይጠብቃል። ለቀጠነው ደም ብሎ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ከሰፋ ግን ግፊቱ ሲወርድ የሚሰጠው መልስ የለም። ማሽኑ በሚጀምርበት ቅጽበት ደግሞ ግፊት ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ማሽን ተቆጣጣሪው መቆንጠጫውን ይለቅቃል፤ እንደ ውሃ የጠራው ቱቦ ከአንድ ጫፍ ጥቁር ቀይ እየሆነ ይመጣል፣ ወዲያው ሁሉም ቱቦ ፈዘዝ ያለ ቀይ ይሆናል። በሞኒተሩ ላይ የግፊቱ መስመር ቁልቁል ይሄዳል፤ 70 የነበረው 45 ሊል ይችላል። ደሙ ስለቀጠነ የሚገፋው ነገር ቀልሏል። ሰመመን ሰጪው ሥሮቹን የሚያጠብቅ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል፣ መስመሩም ቀስ እያለ ይነሣል።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው፣ ቀድሞ ስትሮክ የመታቸው፣ ሥሮቻቸው የደነደኑ ስለሆኑ እንደልብ አይሰፉም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሆን ብሎ ሁለት መጠን አነጻጽሮ ነበር። የአንዱ ቡድን ሄማቶክሪት 27 እና ከዚያ በላይ፣ የሌላው ከ15 እስከ 18 እንዲሆን ተደረገ። በጣም በቀጠነው ቡድን ውስጥ ጉዳት እየበዛ መምጣቱ ስላሳሰበ ጥናቱ ከታሰበው ቀድሞ ቆመ። በዚያ ቡድን በተለይ አረጋውያኑ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በማስታወስና በማሰብ ፈተናዎች ዝቅ ብለው ታዩ።

ሕፃናት ላይ የተደረገው የቦስተን ጥናት ደግሞ ሐኪሞችን ያነቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው በዚህ ጥናት 147 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በ20፣ ገሚሶቹ በ30 አካባቢ ሄማቶክሪት ተሠሩ። አንድ ዓመት ሲሞላቸው እንቅስቃሴያቸውና የእጅ ቅልጥፍናቸው ተመዘነ። የ20ዎቹ አማካይ 82፣ የ30ዎቹ 90 ገደማ ሆነ፤ በጤናማ ሕፃናት መለኪያው 100 ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ምንም ያልታየ ልዩነት ከዓመት በኋላ ሕፃኑ ኩብ በኩብ ላይ ሲደረድር ታየ። ቀጥሎ 25ን ከ35 ጋር ያወዳደረው ጥናት ግን ይህን የመሰለ ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ 20 ለሕፃን አንጎል ዝቅተኛ ነው፤ ከ25 በላይ መጨመር ግን የዚያን ያህል አይጠቅምም ማለት ነው።

ታዲያ ለሁሉም ደም መስጠት አይሻልም?

የተለገሰ ደም ሕይወት ያድናል፤ ግን ያለ ዋጋ አይመጣም። ሰውነት ሊቆጣው ይችላል፣ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል፣ በብዙ ቦታም በቂ ደም የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የወጣው ትልቅ ጥናት 5,000 ገደማ አዋቂዎችን አካቶ ነበር። ሄሞግሎቢን ከ7.5 ሲወርድ ብቻ ደም የተሰጣቸው፣ ገና 9.5 ሳለ ከተሰጣቸው የባሰ ነገር አልገጠማቸውም፤ በሞትም፣ በልብ ጡንቻ መሞትም፣ በስትሮክም፣ በኩላሊት መድከምም። ሄሞግሎቢን 7.5 ማለት ሄማቶክሪት 22 ወይም 23 አካባቢ ነው። በአዋቂዎች ላይ ይህ መስመር ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ነው፤ ከመስመሩ ፈቀቅ የሚያሰኘው የታማሚው ሁኔታ ነው።

ቡድኑ አንጎል እንደበቃው በምን ያውቃል?

ከሰመመን በፊት በግንባር ግራና ቀኝ ሁለት ተለጣፊ ነገሮች ይለጠፋሉ። ዓይን የማያየው ብርሃን ወደ ውስጥ ይልካሉ፤ ብርሃኑ በቆዳና በአጥንት አልፎ የአንጎልን የላይኛውን ክፍል ነክቶ ይመለሳል። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያራገፈ ደም ብርሃኑን የሚውጡት በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ መሣሪያው እዚያ አካባቢ ያለው ደም ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደያዘ ይነግራል። በአብዛኛው ሰው ከ60 እስከ 75 ያሳያል። አንጎል ከእያንዳንዱ ጭነት ብዙ ማውረድ ከጀመረ ቁጥሩ ይወርዳል።

ለእኛ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃኑን ስለሚውጥ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከእውነተኛው ዝቅ አድርገው ያነባሉ። ስለዚህ የሚሻለው ታማሚዋን ከራሷ ጋር ማነጻጸር ነው፤ ከመተኛቷ በፊት ያሳየችው ቁጥር ይመዘገባል፣ ከዚያ በ20 በመቶ ከወረደ ቡድኑ ምክንያቱን መፈለግ ይጀምራል። የፓምፑ ፍሰት ከፍ ይደረጋል፣ ግፊቱ ይስተካከላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይታያል፣ የሰመመኑ ጥልቀት ይጨመራል፣ አልበቃ ካለ ደም ይሰጣል።

ከመነሻውም መቅጠኑን የሚቀንሱ ዘዴዎች አሉ። ቱቦዎቹን ማሳጠርና ማጥበብ አንዱ ነው። ሌላው ማሽኑ ከመጀመሩ በፊት የታማሚውን የራሱን ደም ወደ ቱቦው ቀስ ብሎ በመልቀቅ የሞላውን ፈሳሽ ወደ ከረጢት ማስወጣት ነው። በሕፃናት ላይ ደግሞ ቀዶው ካለቀ በኋላ ደሙን በማጣሪያ አሳልፎ ትርፉን ውሃ መጭመቅ የተለመደ ነው፤ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ደሙ ሲጠቁር ይታያል።

በአገራችን ይህ ለምን ይበልጥ ያሳስባል?

ማሽኑ ላይ የሚወጣው የእኛ ታማሚ ከአውሮፓው ታማሚ ስለሚለይ ነው። እዚያ አብዛኛው ልባቸው የሚሠራላቸው 60 እና 70 ዓመት የሞላቸው፣ ከበድ ያሉ ሰዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ሕፃናትና ወጣቶች ይበዛሉ፤ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚነሣው የሩማቲክ ሕመም ቫልቫቸውን ያበላሸባቸው፣ ለዓመታት ተራ ሲጠብቁ የከሱ፣ ደም ማነስ ያለባቸው። 75 ኪሎ የሚመዝነውንና 40 ኪሎ የምትመዝነውን ያሰላነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ልጆቻችን የሚሠራላቸው በአብዛኛው በውጭ ነበር፤ እስራኤል ውስጥ ሆሎን ከተማ ባለው ሆስፒታል የታከሙት ብዙ ናቸው። አሁንም ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ተራ ለሚጠብቅ ቤተሰብ በእጁ ያለ አንድ ነገር ቢኖር ሄሞግሎቢኑን ማሳደግ ነው፤ ቀይ ሥርና ምስር ጥሩ ቢሆኑም፣ የደም ማነሱ ምክንያት ተመርምሮ በአይረን ኪኒን ወይም በሚያስፈልገው መድኃኒት መታከሙ ይበልጣል። ከፊርማው በፊትም “ሄማቶክሪቷ ስንት ነው? ማሽን ላይ ስንት ይደርሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ደም ተዘጋጅቶላታል?” ብሎ መጠየቅ ሐኪምን ማስቸገር አይደለም። ቡድኑ ራሱ በዚያው ጠዋት የሚያሰላው ይህንኑ ነው።

የማሽኑ ፈሳሽ በኋላ የት ይሄዳል?

ቀዶው ካለቀ በኋላ እናት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ፊት ነው። የልጇ የዓይን ሽፋን አብጧል፣ ጣቶቿ ወፍረዋል፣ ፊቷ ሌላ ሰው መስሏል። ብዙዋ የምትደነግጠው እዚህ ነው። ከእብጠቱ አብዛኛው ማሽኑ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ከደም ሥር ወጥቶ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ኩላሊት እየጎተተ ያወጣዋል፤ ሐኪሞችም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይሰጣሉ። ነርሷ በየሰዓቱ ጎንበስ እያለች ከአልጋው ጎን ያለውን የሽንት ከረጢት አንብባ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ያ ቁጥር ሲያድግ ሄማቶክሪቱም እየተነሣ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የዓይኗ ሽፋን ይከፈታል።